የአሮጊቷ ፍሬቻ

የካቲት 2

ቀኑን ሙሉ አንድ የላይኛው መንጋጋ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስደረድር ዋልኩ። ሰሙ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይሞቃል። ባለቤትየዋ ጥርሶቹ ትንሽ ዘመም እንዲሉላት ትፈልጋለች። "ቀጥ ካሉ የራሴ አይመስሉም" ብላለች አሉ። ብልህ ሴት።

ቤት ስደርስ አባባ ደጅ ቆሟል። የግራ እጅጌው እስከ ክርኑ ርሷል። የአሮጊቷ መኪናችን ፍሬቻ ወደ ግራ አልበራ ቢለው በዝናብ እጁን በመስኮት አውጥቶ ነው የመጣው።

"ሕጉ ይፈቅዳል" አለ። "የእጅ ምልክት ከፍሬቻ በፊት የነበረ ነው።"

"ሳንባ ምችም ይፈቅዳል ሕጉ?"

"እሱን ሐኪም ጠይቂ።"

ዕድሜውን ሙሉ መንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበር። ጡረታ ወጥቶም ሰፈሩ ጋሽ ድገም ነው የሚለው። ተፈታኝ ሲሳሳት የሚናገራት ቃል እሷ ብቻ ነበረች... ድገም። የከተማው ግማሽ ሰው በእሱ እጅ ደግሟል። እኔም ደግሜያለሁ። ልጁ ነኝ ብዬ አንዴ እንኳ አላዘነልኝም።

መኪናዋን አሮጊቷ ያላት እማማ ናት፣ ነፍሷን ይማር። መኪናዋ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። እኔ ወገቤን፣ እሷ ፍሬቻዋን። ያለንበት ዕድሜ ነው።

የካቲት 3

መለዋወጫ ነጋዴው የፍሬቻውን ማብሪያ ዘንግ በስልክ ፎቶ አይቶ ሳቀ። "ይሄን ከእኔ ሳይሆን ከቤተ መዘክር ነው የምታገኚው። ካገኘሽ ለእኔም ንገሪኝ።"

እንግዲህ ራሴ መሥራቴ ነው።

የካቲት 7

ዛሬ መሪውን ነቀልን። መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈታሁ። ቀጥሎ የጡሩምባውን ክዳን፣ ከሥሩ ትልቁን ዳዶ። መሪው ግን እምቢ አለ። አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ካቻቢቴ ያቀብላል፣ ያቀበለውን መልሶ ይቀበላል፣ ይጠርጋል።

"አትደብድቢው። ግራ ቀኝ እያልሽ አባብይው።"

አባበልኩት። በድንገት ብድግ ብሎ ደረቴን አለኝ። አባባ መሳቁን በሳል ሸፈነው።

ማብሪያው ከመሪው ሥር ነው። እጅ ውስጥ የምትጠፋ ነገር። የመዳብ ምላሶቹ ጠቁረዋል። ያቀፋቸው ፕላስቲክ ተሰንጥቆ የግራው ምላስ ተንሳፍፎ ቀርቷል። ዘንጉን ወደ ታች ስትጫኚው የሚነካው ነገር የለም። ችግሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም።

ሦስት ሽቦ ይገባበታል። አንዱ ኃይል ያመጣል፣ ሁለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መብራት ይወስዳሉ። ልባሳቸው እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። ቀለማቸው ጠፍቷል፣ ሦስቱም የጭስ ቀለም። የበሰበሰውን ጫፍ ቆርጬ አዲስ ቀጠልኩ። ቤት የነበረው ቀይ ሽቦ ብቻ ነው።

አባባ "አሁን ገና መኪና መሰለች" አለ። ተበታትና እያያት።

የካቲት 9

ስንጥቁን ሥራ ቦታ ሞላሁት። በምን? ለሰው ሠራሽ ጥርስ ድድ በምንሠራበት አክሪሊክ። ሮዝ ነው፤ ሌላ ቀለም የለንም። ምላሶቹንም ጥርስ በምንወለውልበት ጎማ ወለወልኳቸው። እንደ ወርቅ ሆኑ።

አለቃዬ ጠረጴዛዬ ላይ አይቶት፣ "የማን መንጋጋ ነው ደግሞ ይሄ?"

"የአንዲት አሮጊት።"

"በጣም ተጎድታለች።"

ሄደ። አልዋሸሁትም።

የካቲት 10

በራ!

ሁሉንም መልሼ ገጠምኩ። አባባ መሪው ጋ ተቀመጠ፤ እኔ በፊት በኩል፣ ቀጥሎ በኋላ በኩል ቆምኩ።

"ይሠራል?"

"ይሠራል።"

"አሁንስ?"

"ይሠራል።"

አራቱም መብራት። ከመሪው ፊት ያለችው ትንሿ አረንጓዴም ብልጭ ትላለች። ለግራም ለቀኝም ያለችው እሷ አንዷ ብቻ ናት፤ የድሮ ሰው መብራት አያባክንም ነበር። ድምፁ ደግሞ... ቲክ፣ ቲክ። እንደ ግድግዳ ሰዓት።

አባባ ለመዝገቡ ደወለ። መዝገቡ የድሮ የሥራ ባልደረባው ነው፣ መዝገብ ቤት ይሠራ የነበረው። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎታል። ጠዋት ጠዋት አባባ በመኪና ያነሳውና ከጡረተኞች ክበብ ዳማ ሲጫወቱ ያረፍዳሉ። "መኪናዋ ድድ አብቅላለች" ሲለው ሰማሁ። "አዎ ሮዝ። ልጄ ናት የሠራችው። ማን መሰለህ።"

ስለ እኔ ማን መሰለህ አለ። ሌላ ጊዜ የሚለኝ "እስቲ ይሁን" ነው።

የካቲት 18

ምንም የለም። ዝናቡ ቆሟል። አባባ መዝገቡን ሁለት ለዜሮ አሸንፎ ቁርሱን ደግሞ በላ።

የካቲት 21

ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ በር ጠራኝ። "ጋሽ ድገም ትናንት ቀኝ አሳይቶ ግራ ገባብኝ። ስንት ጊዜ የጣለኝ ሰውዬ! ፈተናው ተቀየረ ወይ ልለው አስቤ ነበር።"

"ለምን አላልከውም?"

"አንገቴን ይቆርጠኛላ።"

"አንገት የምትቆርጠውስ አንተ ነህ።"

ሳቅን። ቤት ገብቼ ለአባባ አልነገርኩትም። ለምን እንዳልነገርኩት እንጃ።

የካቲት 26

እታለም ደወለች። ታላቅ እህቴ ናት፤ ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው። ስትደውል ሰላምታ ካጠረ ነገር አለ ማለት ነው። ዛሬ ሰላምታው አጠረ።

ታክሲ ውስጥ ሆና ከኋላው ነበረች። አሮጊቷ ግራ አሳየች፣ ወደ ቀኝ ታጠፈች። "በዓይኔ ነው ያየሁት። ሰው ነግሮኝ አይደለም።"

"አንዴ ተሳስቶ ይሆናላ።"

"አባባ? ፍሬቻ?"

አባባ ፍሬቻ ከሚሳሳት ስሙን ቢሳሳት ይቀላል። እሷም የፈራችው ይህንኑ ነው። ባለፈው ደግሞ ልጇን በሌላኛዋ ልጇ ስም ጠርቷታል። እኔም እኮ እጠራታለሁ... ግን እኔ ወጣት ነኝ። ከእሱ አንጻር።

የካቲት 29

ሰው አንዴ መፈለግ ከጀመረ አያጣም። ዛሬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ፈለገ። ሻዩን ሳይጠጣ ረስቶት ቀዘቀዘ። የደወለለትን ሰው ስም ጠየቀኝ። ድሮም ያደርገው ነበር? ያደርገው ነበር መሰለኝ። ያኔ ግን አልቆጥርም ነበር።

መጋቢት 2

ሰበብ ፈልጌ አብሬው ሄድኩ። አጠገቡ ተቀመጥኩና ዓይኔን እጁ ላይ ተከልኩ። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ዘንጉን ወደ ላይ። ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደ ታች። አንዴም አልተሳሳተም። መስታወት ያያል፣ ዝግ ይላል፣ ይታጠፋል። መመሪያው እንደሚለው።

አንድ ከኋላ ያለ ሰው ጡሩምባውን ለቀቀብን። ሲያልፈንም "ወዴት ነው?" እያለ በእጁ ጠየቀ። አባባ "ምን ሆኖ ነው?" አለ። ሰው ትዕግሥት አጥቷል አልኩት።

ለእታለም ነገርኳት። "አየሽ" አለች፣ "ሰው አጠገቡ ሲኖር ይጠነቀቃል። ብቻውን ሲሆን ነው።"

እውነት ሳትሆን አትቀርም።

መጋቢት 5

ሰው አልተጎዳም። መጀመሪያ እሱን ልጻፍ።

ዳቦ የሚያመላልሰው ሞተረኛ በአባባ ቀኝ በኩል ሊያልፍ ሲገባ አባባ ወደ ቀኝ ታጠፈበት። የአሮጊቷ መስታወት ረገፈ፣ ሞተሩ ተጋደመ፣ ዳቦው አስፋልት ላይ ተበተነ። ሞተረኛው አቧራውን አራግፎ ተነሳ። "አባት፣ ግራ አሳዩኝ እኮ!" ይላል። አባባ "ቀኝ ነው ያሳየሁት" ይላል። የዳቦ ቤቱ ሰዎች ወጡ። ሁሉም ግራ ነው አሉ። ያየ ሁሉ ግራ ነው አለ።

አባባ ጎንበስ ብሎ ዳቦ ይለቅም ነበር አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም።

ቤት ገብቶ ሲቀመጥ፣ "እጄ ይመስልሻል ወይስ ጭንቅላቴ?" አለኝ።

ኮቱን ተቀብዬ ሰቀልኩለት።

እታለም መጣች። "አባባ፣ እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም..."

"አይደለሽም።" ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ማንም ሳይጠይቀው። "እንዲህ ያለውን ተፈታኝ ድገም እንኳ አልለውም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ና ነበር የምለው።"

እታለም አለቀሰች። እኔ ምንም አላልኩም። ዝም ያለ ፈርሟል።

መጋቢት 9

ቤቱ ተለወጠ። አባባ ጠዋት ለብሶ ይቀመጣል። ጋዜጣ ያነባል፣ ያችኑ ጋዜጣ። ትናንት ቀኝ እጁን አንሥቶ አየው፣ ቀጥሎ ግራውን። እንደ አዲስ ጓንት። አላየሁም ብዬ አለፍኩ።

መዝገቡ በየቀኑ ይደውላል። "ጉንፋን ነው" ይለዋል አባባ። ጉንፋን የለበትም።

መጋቢት 12

ዛሬ አባባ ራሱ፣ "እኔ ብቀር እሱ ለምን ይቀራል? መዝገቡን ክበብ አድርሺው" አለኝ። ማክሰኞ ስለሆነ ሥራ የምገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሣሁ። ከአደጋው ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም ነበር።

ፍሬቻዋን ከሠራሁ ወዲህ አሮጊቷን ስነዳ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለካ ሠርቼ ነው የተውኩት።

መዝገቡ ዱላውን በጉልበቶቹ መሐል ተክሎ አጠገቤ ተቀመጠ። "ጉንፋኑ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"እኔንም እሱ ነበር የያዘኝ፣ ሚስቴ ስትሞት" አለ። ነገሩን ያውቀዋል።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ልታጠፍ ዘንጉን ወደ ላይ አደረግኩ። ፊሽካ። ትራፊኳ መንገድ መሐል እጇን ዘርግታ ቆማለች።

"የኔ እመቤት፣ ወዴት ነው?"

"ወደ ቀኝ።"

"መብራትሽ ወደ ግራ ነው የሚለው።"

"ቀኝ ነው ያደረግኩት።"

ይህን ስናገር... የአባባን ድምፅ በራሴ አፍ ሰማሁት። ያው ቃል። ያው እርግጠኝነት።

"ውረጂና እይ።"

ወረድኩ። የግራው መብራት ብልጭ ይላል። ተመለስኩ፣ ዘንጉን ወደ ታች ጫንኩ፣ ወረድኩ። የቀኙ ብልጭ ይላል።

መዝገቡ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። "ምንድን ነው?"

"ግራ ስል ቀኝ፣ ቀኝ ስል ግራ ይላል።"

"አባትሽም እንዲህ ነበር የሚሆነው። እብደት ይጋባል እንዴ?"

ሁለት ቀይ ሽቦ። አንዱን በሌላው ቦታ ቀጥዬዋለሁ። በፍተሻው ቀን አባባ ውስጥ ተቀምጦ ዘንጉን ያየዋል፣ መብራቱን አያይም። እኔ ውጭ ቆሜ መብራቱን አያለሁ፣ ዘንጉን አላይም። ይሠራል? ይሠራል። የትኛው ብሎ የጠየቀ የለም። ውስጥ ያለችው አረንጓዴ ደግሞ ለሁለቱም አንድ ናት፣ እሷም አታጋልጥም።

ትራፊኳ "አስተካክይ" ብላ ለቀቀችኝ። እስከ ክበቡ እጄን በመስኮት አውጥቼ ነዳሁ። መዝገቡ ሲስቅ ዱላው ወደቀበት።

የዚያኑ ቀን፣ ከሥራ መልስ

በራችን ላይ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ አልኩ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሽቦዎቹን ቀይሬ ዝም ብልስ? "አባባ፣ እስቲ ደግሞ ሞክር" ብዬ ቁልፉን ብሰጠው፣ ባይሳሳት፣ ሁሉም ደስ ቢለው... ማን ያውቃል? መዝገቡ ያውቃል፤ እሱ ግን ዝም በል ቢሉት ዝም ይላል።

ግን አባባ አልታመምኩም ብሎ ሳይሆን ድኛለሁ ብሎ ይኖራል። ዳግም እስኪያመው እየጠበቀ። ሳይታመም።

ገባሁና ነገርኩት። ቆሜ። አላስረዘምኩትም።

ጋዜጣውን አጠፈው።

"ሁለት ሽቦ ከመጠርጠር አንድ አባት መጠርጠር ቀለላችሁ?"

"አዎ" አልኩ።

"እኔም ራሴን ጠረጠርኩ። እሱ ነው የከፋኝ።" ከዚያ ተነሣና ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

"ወዴት ነው?"

"ዳቦ ቤት። ልጁ ልክ ነበር። ግራ ነው ያሳየሁት።"

በእግሩ ሄደ። ልከተለው ብል እምቢ አለኝ። ሲመለስ ሁለት ዳቦ ይዟል፤ ሞተረኛው ነው የሰጠው። "ማን ናት የሠራችው ሲለኝ ጥርስ ሠሪ ናት አልኩት" አለ። "እናቱ ጥርስ ልታስተክል ነበርና ሌላ ቦታ ትሂድ ይላል።"

ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያው ቀልድ። እኔ ላይ መሆኑ ምንም አይደለም።

መጋቢት 13

መሪውን ነቀልን። አሁን መባበል አላስፈለገውም። ሁለቱን ሽቦ አቀያየርኩ፤ የቀኙ ላይ ነጭ ክር አሰርኩበት። ፍተሻው ግን ወግ ያለው ሆነ። አባባ ውጭ ቆመ፣ እኔ ውስጥ።

"ምን አደረግሽ?"

"ቀኝ።"

"የቀኙን መብራት በእጄ ነክቼዋለሁ። ቀጥይ።"

አራቱንም እንዲሁ። መዳፉን እያሳረፈባቸው።

እታለም ማታ በስልክ ሰማች። ከዚያ "ቢሆንም..." ማለት ጀመረች። አባባ ስልኩን ከእጄ ወሰደው። "ቢሆንም ዕድሜ አለ፣ ልክ ነሽ። ዕድሜ ካለ ለእኔ ነው የሚነገረኝ። እናንተ በስልክ እየተማከራችሁ እኔን ከኋላ ሆናችሁ አትፈትኑኝም።" ሰጠኝና ወጣ።

እታለም "ተቆጣ?" አለች።

"አልተቆጣም። ፈታኝ ሆነ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። አፏ ላይ የቀረው ግን አሁንም "ቢሆንም" ነው፣ አውቃታለሁ።

መጋቢት 14

ቁልፉን ወሰደ። ስምምነታችን ይህ ነው፦ አብሬው በወጣሁ ቁጥር ያየሁትን እነግረዋለሁ። ያኔውኑ፣ ለእሱ፣ ሳላለሳልስ። ለሌላ ሰው አልናገርም።

ፀጉር አስተካካዩ ሰምቷል። ዛሬ አባባን ሲላጨው "ጋሼ፣ እንግዲህ ፈቃዴን ስጡኝ፣ ያኔም ሽቦ ሊሆን ይችላል" አለው አሉ። አባባ "ያንተ ሽቦ አልነበረም" አለው።

መጋቢት 22

ክበብ ደርሰን፣ መዝገቡንም ቤቱ አውርደን ስንመለስ ነው። ዳቦ ቤቱ ጥግ በቀኝ በኩል አንድ ብስክሌት ወጣ። አባባ ፍሬን ያዘ፤ ዘግይቶ ያዘ። ብስክሌተኛው ዞር ብሎ አላየንም እንኳ። ምንም አልሆነም።

ምንም ስላልሆነ ዝም ልል ነበር። ዛሬ መዝገቡን አሸንፏል፣ እያፏጨ ነው... ደስ ብሎታል። ለምን አበላሽበታለሁ?

"አባባ፣ ብስክሌቱን ዘግይተህ ነው ያየኸው።"

ፉጨቱ ቆመ።

"የት ጋ አየሽው አንቺ?"

"ከአጥሩ ሲወጣ።"

"እኔ መኪናው ፊት ሲደርስ ነው።" ትንሽ ቆይቶ፣ "ማታ ማታም በቀኝ በኩል መብራት ሁሉ ፀጉር ያወጣብኛል። መነጽሩ ነው ብዬ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ለማን ልንገር? ጭንቅላቴ ነው ልትሉኝ።"

ዳር ይዞ አቆመ። ወርዶ በኔ በኩል ዞሮ መጣና በሩን ከፈተልኝ። "ወደ ቤት አንቺ ንጂ" አለ። ቁልፉን መኪናው ላይ እንደተሰካ ትቶት።

መጋቢት 27

የዓይን ሐኪም ጋ ሄድን። የቀኝ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። የሚነሣ ነገር ነው፤ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ቀጠሮ ሰጡት። ጭንቅላቱን የሚመለከት ነገር የለም። ጠየቅኩ፣ እሱ ፊት ነው የጠየቅኩት። ሐኪሙ መልስ ሲሰጥ አባባ እኔን ነበር የሚያየው።

ለእታለም ራሱ ደወለላት። "ዓይኔ ነው" አላት። "አዎ፣ ልጅቷ ናት ያገኘችው። በፊቴ ነገረችኝ።" እታለም ከዚያ በኋላ ምን እንዳለችው አላውቅም። ብዙ ሳቀ።

እስከዚያ ድረስ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት የማደርሳቸው እኔ ነኝ። መዝገቡ ከኋላ፣ አባባ አጠገቤ። መንገድ ላይ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ግን ዘንጉን ሳልነካ አፉ ይቀድመኛል። ዛሬ "ቸኮልሽ" አለኝ፤ ከመታጠፊያው ርቄ ስላበራሁ። ትናንት "ዘገየሽ" ነበር።

ከምርመራው ስንወጣ ሐኪሙ፣ "እስከ ቀዶ ጥገናው መንዳት የለም፤ የሚነዳልዎት ሰው አለ?" ብሎ ጠይቆት ነበር።

አባባ ኮቱን ቆለፈ። "ልጄ አለች" አለ። "እያሠለጠንኳት ነው።"